«ስንት ጊጋ ነው?» ብቻ ብሎ ራም መግዛት፦ የኮምፒውተር ሜሞሪን የሚያሳውቁን መንገዶች ሲመዘኑ

በዚህ እትም የምንተቸው መጽሐፍ ወይም ፊልም አይደለም። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ዓይነት ራም እንዳለ የሚነግሩንን ፕሮግራሞች፣ ትእዛዞችና መለያ ጽሑፎች ነው የምንተቸው። «ይህ ደግሞ ይተቻል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎን ይተቻል፤ በእነሱ ቃል ተማምነን ገንዘብ እናወጣለንና።

እንደሚታወቀው በካምፕ ትምህርት ቤቶች የምናገኛቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ አገልግለው የመጡ ናቸው። አንዱ 2 ጊጋባይት፣ ሌላው 4 ጊጋባይት ራም ይኖረዋል። ብሮውዘር ተከፍቶ ሁለት ሦስት ገጽ ሲጨመርበት ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል፣ ተማሪውም ማውዙን ይዞ ይጠብቃል። ያን ጊዜ «ራም እንጨምርበት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ገንዘብ ይዋጣል፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝቶ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል፣ «4 ጊጋ ራም ግዛልን» ተብሎ አደራ ይሰጠዋል። ባለሱቁ ግን ወዲያው «ዲዲአር ስንት? የላፕቶፕ ነው የዴስክቶፕ?» ይለዋል። መልስ የለም። በግምት የተገዛው ዕቃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ካኩማ ይደርስና ማስገቢያው ውስጥ አልገባ ይላል። ለመለወጥ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ መንገደኛ፣ ምናልባትም ሌላ ወር ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው።

በዚያ ላይ በ2025 መጨረሻ ወራት የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ጨምሯል። ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ወደሚያገለግለው ሜሞሪ ማዞራቸው አንዱ ዋና ምክንያት ነበር። ስለሆነም በግምት መግዛት ከድሮው ይበልጥ የሚያስጠይቅ ሆኗል።

መመዘኛችን

አንድ መንገድ ጥሩ ነው የምንለው ለሚከተሉት ስድስት ጥያቄዎች ሲመልስ ነው።

1. ራሙ ስንት ጊጋባይት ነው?
2. የትኛው ትውልድ ነው? ዲዲአር2፣ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 ወይስ ዲዲአር5?
3. ቅርጹ ምንድን ነው? የዴስክቶፑ ረዥሙ ዲም ወይስ የላፕቶፑ አጭሩ ሶዲም?
4. ስሎት የሚባለው ማስገቢያ ስንት ነው? ስንቱስ ባዶ ነው?
5. ፍጥነቱና ቮልቴጁ ስንት ነው?
6. ማዘርቦርዱ እስከ ስንት ጊጋባይት ይሸከማል?

ከእነዚህ ውስጥ ቀላሉ የመጀመሪያው ነው። ገንዘብ የሚያስበላው ግን ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ነው። የዴስክቶፕ ዲዲአር3 240 የመዳብ ጥርስ ሲኖረው ዲዲአር4 288 አለው። የላፕቶፑ ደግሞ ዲዲአር3 ከሆነ 204፣ ዲዲአር4 ከሆነ 260 ነው። መሐል ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታም በየትውልዱ ትለያያለች። የተሠራችውም ያልሆነ ራም እንዳይገባ ለመከልከል ነው። ቮልቴጃቸውም አንድ አይደለም፤ ዲዲአር3 በ1.5፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1 ቮልት ይሠራሉ። በመሆኑም «ትንሽ ገፋ ብናደርገው ይገባል» ማለት ራሙን ብቻ ሳይሆን ማዘርቦርዱንም ማጣት ነው።

የሲስተም ገጽ፦ ብዙ የሚታመን፣ ጥቂት የሚናገር

ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ «ዚስ ፒሲ» የሚለውን በቀኝ ክሊክ ነክቶ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ መግባት ነው። ገጹ «4 ጊጋባይት» ይላል፣ አበቃ። ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ መለሰ ማለት ነው።

ሆኖም አንድ ምስጋና ይገባዋል። ብዙ ሰው የማያነባት አንዲት መስመር አለችው፤ ሲስተሙ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት የምትናገረው ናት። የተለመዱት 32 ቢት የዊንዶውስ እትሞች ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችሉም፤ ከዚያችም ላይ የተወሰነው ለሌሎች የኮምፒውተሩ ክፍሎች ይያዛል። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ 4 ጊጋ ብንጨምርበት ገንዘቡ ውኃ በላው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚችል ከሆነ መጀመሪያ 64 ቢት ሲስተም መጫን ይሻላል፤ እሱ ከራም ግዢ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። በ64 ቢት ሲስተም ላይ «8 ጊጋባይት፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 7.88» የሚል ነገር ብታዩ ግን አትደንግጡ። ጥቂቱን አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ክፍል ይወስደዋል፤ ብልሽት አይደለም።

ታስክ ማናጀር፦ የተሻለ፣ ግን ግማሽ መንገድ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» ማለት ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያለው ታስክ ማናጀር ፍጥነቱን፣ ቅርጹንና ከስንት ስሎት ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል። የዊንዶውስ 7ቱ ግን ይህንን አያሳይም።

የስሎቱ ነገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። አንድ ኮምፒውተር 4 ጊጋ አለው እንበል፣ ሁለት ስሎት ብቻ አለው፣ ሁለቱም ላይ 2 ጊጋ 2 ጊጋ ተሰክቷል። 4 ጊጋ ገዝተን «8 ሆነልን» ልንል አንችልም። አንዱን 2 ጊጋ ማውጣት ግድ ነው፤ ውጤቱ 6 ነው። የወጣችው 2 ጊጋ ለሌላ ኮምፒውተር ትሆን ይሆናል፤ ጉዳት አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ አለበት።

ቅርጹን በሚናገረው መስመር ላይ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ቢመጣ ደግሞ ቆም በሉ። ብዙውን ጊዜ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ በብየዳ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ተነቅሎ አይወጣም። በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የተለመደ ነው። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ባዶ ስሎት መኖሩ ሳይረጋገጥ ገንዘብ ማዋጣት ተገቢ አይደለም።

የታስክ ማናጀር ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ትውልዱን በግልጽ አይናገርም። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ እስከ ስንት እንደሚሸከም ፈጽሞ አያነሳም። ሌላ ጥቅም ግን አለው። ተማሪዎች ሥራ ላይ ሳሉ ከፍታችሁ እዩት። ሜሞሪው ከሞላ ጎደል ተይዞ ከሆነ በርግጥም ራም ያስፈልጋል። ሜሞሪው ግማሽ ባዶ ሆኖ ሃርድ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ለራም የታሰበውን ገንዘብ ለኤስኤስዲ ማዋል ይበልጥ ይጠቅም ይሆናል።

ሲፒዩ-ዚ፦ ቀረብ ብሎ የሚያይ፣ አንዳንዴ የሚያደናግር

ሲፒዩ-ዚ በነፃ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሳይጫን የሚሠራ እትም ስላለው በፍላሽ ይዞ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ማዞር ይቻላል፤ ኢንተርኔት ለማያገኝ ክፍል ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሜሞሪ» በሚለው ገጽ ትውልዱን ይናገራል። «ኤስፒዲ» በሚለው ገጽ ደግሞ እያንዳንዱ ራም ላይ ካለችው ትንሽ ቺፕ መረጃ አንብቦ፣ የትኛው ስሎት ላይ ስንት ጊጋ እንዳለና የፋብሪካውን የዕቃ ቁጥር ያሳያል።

ትችታችን ፍጥነቱን በሚናገርበት መንገድ ላይ ነው። ዲዲአር3-1600 የሆነውን ራም «800 ሜጋኸርትዝ» ይለዋል። ውሸት አይደለም፤ ዲዲአር በአንዱ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ መረጃ ስለሚያስተላልፍ 800 ምት 1600 ማስተላለፍ ይሆናል። ይሁንና ይህን ያልተነገረው ተማሪ «800 ራም» ብሎ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ዲዲአር3-800 የሚባልም ስላለ ባለሱቁ ሌላ ነገር ቢያቀብል አይፈረድበትም። ስለዚህ በሲፒዩ-ዚ ያገኛችሁትን ቁጥር በ2 አባዙ። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ የኤስፒዲው ገጽ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ወደ ሌላ መንገድ መሄድ ነው።

የትእዛዝ መስመር፦ ሁሉን የሚያውቅ፣ በቁጥር የሚመልስ

አሮጌ የኮምፒውተር ጥገና ጽሑፎች «ደብሊውሚክ» የሚባለውን ትእዛዝ ያስተምራሉ። ማይክሮሶፍት ይህን ትእዛዝ በ2021 ወደ ጡረታ የሚሸኙት ውስጥ መድቦታል፤ አዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞችም አብረው ይዘውት አይመጡም። ስለዚህ ትእዛዙ አልሠራ ቢላችሁ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የዛሬው መንገድ ፓወርሼል ነው።

ፓወርሼል ብዙ ያውቃል፣ ነገር ግን መልሱ በቁጥር ነው። ትውልዱን ሲጠየቅ 24 ካለ ዲዲአር3፣ 26 ካለ ዲዲአር4፣ 34 ካለ ዲዲአር5 ነው። ቅርጹን ሲጠየቅ 8 ዲም፣ 12 ሶዲም ማለት ነው። መጠኑንም በባይት ስለሚናገር 4294967296 የሚል ረዥም ቁጥር ይመጣል፤ 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ማዘርቦርዱ እስከ ስንት እንደሚሸከም ሲጠየቅ ደግሞ በኪሎባይት ይመልሳል፤ 33554432 ካለ 32 ጊጋባይት ነው። ለሒሳብ መምህሮቻችን ጥሩ መልመጃ ይወጣዋል፣ ለጀማሪ ግን ግራ የሚያጋባ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በካርቶን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል።

ዊንዶውስ 10 በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ ሊኑክስ የጫኑ ወይም ለመጫን የሚያስቡ ክፍሎች ይኖራሉ። እዚያ «ዲኤምአይዲኮድ» የሚባል ትእዛዝ አለ። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቃል እንጂ በቃላት ነው የሚመልሰው። ስሎቶቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ባዶውን ባዶ ብሎ፣ ትውልዱን፣ ቅርጹን፣ ፍጥነቱንና ከፍተኛውን መጠን አንድ ላይ ያወጣል። በእኛ ሚዛን ከሶፍትዌሮቹ መካከል አንደኛ የምንለው ይህንን ነው። ነቀፌታውም እንዳይቀር፦ የሚያነበው ፋብሪካው ባዮስ ውስጥ የመዘገበውን ነው፤ ፋብሪካው የተሳሳተ ነገር ከመዘገበ እሱም ያንኑ ይደግመዋል። ይህንን የትእዛዙ የራሱ መመሪያ ሳይደብቅ ያስጠነቅቃል፤ ሐቀኝነቱን ወደድንለት።

የሻጮች መመርመሪያ፦ ምክርና ንግድ አንድ ላይ

ራም የሚሸጡ ኩባንያዎች ኮምፒውተሩን መርምረው «የሚስማማው ይህ ነው» የሚሉ ፕሮግራሞች አዘጋጅተው ነበር። ከታወቁት አንዱ የክሩሻል ነው። ጥቅሙ አይካድም፤ ስሎቱንም ከፍተኛውንም መጠን በቀላል ቋንቋ ያስቀምጥ ነበር። ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ የሚመክረውም የራሱን ዕቃ ነው። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የክሩሻል ባለቤት ማይክሮን ለተራ ሸማች መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዕውቀታችን በአንድ ሻጭ ላይ ከተንጠለጠለ ሻጩ ሱቁን ሲዘጋ ዕውቀቱም አብሮ ይዘጋል።

መለያ ጽሑፉ፦ ትንሽ ወረቀት፣ ትልቅ ምስክር

ኮምፒውተሩ ተዘግቶ፣ ከመብራት ተነቅሎ፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው ወጥቶ ወይም ተለያይቶ፣ እጃችን የሳጥኑን ብረት ከነካ በኋላ ራሙን ማውጣት ይቻላል። በደረቅና አቧራማ አየር ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ራሙን ሊያቃጥለው ስለሚችል ብረት መንካቱን አትናቁት። ራሙ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «4ጂቢ 1አር×8 ፒሲ3ኤል-12800ኤስ»። በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፤ አነባበቡ ግን ይህ ነው።

«4ጂቢ» መጠኑ ነው። «1አር×8» የቺፖቹን አደራደር ይናገራል። «ፒሲ3» ማለት ዲዲአር3 ነው። «ኤል» በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ በ1.35 ቮልት መሥራት እንደሚችል ያመለክታል። «12800» በሰከንድ የሚያስተላልፈው ሜጋባይት ነው፤ ለ8 ሲካፈል 1600 ይሆናል፣ ፍጥነቱ እሱ ነው። የመጨረሻው «ኤስ» ሶዲም፣ የላፕቶፕ ማለት ነው። በዚህ ቦታ «ዩ» ቢሆን የተለመደው የዴስክቶፕ ነው።

«አር» ቢሆን ግን ተጠንቀቁ፤ የሰርቨር ራም ነው። የሰርቨር ዲዲአር3 መልኩም ጎድጓዳውም ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ተራው ኮምፒውተር ግን አይነሳም። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ በርካሽ ሲቀርብ «ምን ችግር አለው፣ ዲዲአር3 ነው» ብሎ መግዛት ከመጨረሻዋ ፊደል ጋር መጣላት ነው። የ«ኤል»ም ነገር እንዲሁ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች የሚቀበሉት 1.35 ቮልቱን ብቻ ስለሆነ ያለ «ኤል» የመጣውን አይቀበሉም።

መለያው ነቀፌታ አያጣም። በዲዲአር3 ላይ የሚጻፈው 12800 የማስተላለፍ መጠን ሲሆን፣ በዲዲአር4 ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንደ 2400 ያለ ራሱ ፍጥነቱ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ያንኑ 19200 ብሎ ይጽፈዋል። አንድ ነገር በሁለት ስም መጥራት ገዢን ያሳስታል። ደግሞም መለያው ስለ ራሙ እንጂ ስለ ማዘርቦርዱ አቅም ምንም አይናገርም።

የኮምፒውተሩ ስም አይበቃም

«እኛ ጋ ያለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው» ብሎ መላክ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ስም በ2012 የወጣው ዲዲአር3 ሲጠቀም፣ በ2023 እንደገና በዚያው ስም የወጣው ዲዲአር4፣ «ፕላስ» የሚል የተጨመረበት ደግሞ ዲዲአር5 ይጠቀማል። ስሙ አንድ፣ ራሙ ሦስት ዓይነት። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ440ኤስ 4 ጊጋ የተበየደ ራምና አንድ ስሎት ሲኖረው፣ ኤክስ240 ያለው አንድ ስሎት ብቻ ነው። በፕሮሰሰሩ ትውልድ መገመትም አያዋጣም፤ ስድስተኛው ትውልድ ኢንቴል ዲዲአር3ኤልንም ዲዲአር4ንም ስለሚቀበል ወሳኙ ማዘርቦርዱ ነው።

ለስድስተኛው ጥያቄ የሚታመነው የፋብሪካው መመሪያ ነው። ኢንተርኔት በተገኘበት ቀን የክፍሉን ኮምፒውተሮች መመሪያ በሙሉ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። መመሪያ ትርፍ ወጪንም ያስቀራል። ለምሳሌ ኢንቴል አይ5-2400 የሚቀበለው ዲዲአር3 እስከ 1333 ነው። 1600 ቢሰካበት ይሠራል፣ ግን በ1333 ፍጥነት። ለ1600ው ተብሎ የሚጨመር ብር ካለ በከንቱ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍትንስ?

እነሱንም ሳንነካ አናልፍም። ብዙ የኮምፒውተር መማሪያዎች «ራም መረጃን ለጊዜው የሚይዝ ክፍል ነው» ይላሉ። ትክክል ነው፤ ተማሪውም ይህንኑ ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ያው ተማሪ ሁለት ራም እጁ ላይ ቢቀመጥለት የትኛው ለየትኛው ኮምፒውተር እንደሚሆን መለየት ካልቻለ፣ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። በካምፕ ውስጥ ጠጋኝ ቴክኒሺያን በስልክ ተጠርቶ አይመጣም። ቴክኒሺያኑ እዚሁ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ተማሪ ናት። የተቃጠለ ራም አትጣሉ፤ ትርጉሙን ከማስተማር ጎን ለጎን መለያውን ማንበብ ይለማመዱበት።

ፍርዳችን

ከመዘንናቸው ውስጥ ብቻውን የሚበቃ አላገኘንም። የሲስተም ገጽ ለመጀመሪያ እይታ ይሆናል። ታስክ ማናጀር ራም ማስፈለጉንና ስሎቱን፣ ሲፒዩ-ዚ ወይም ዲኤምአይዲኮድ ትውልዱን፣ መለያው ቅርጹንና ቮልቴጁን፣ መመሪያው ደግሞ የማዘርቦርዱን አቅም ያሳውቁናል። በሀገራችን ሽማግሌ ነገር ሲያይ በአንድ ምስክር እንደማይፈርድ ሁሉ፣ እኛም ሶፍትዌሩና መለያው አንድ ቃል ሳይሆኑ ገንዘብ አናውጣ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ወረቀት ይዘጋጅ። ስድስቱ መልሶች ይጻፉበት፣ የዕቃው ቁጥርም ይጨመርበት፣ ስልክ ካለ መለያው ፎቶ ይነሳ። አደራ የተቀበለው ሰው ናይሮቢ ደርሶ ሱቅ ሲገባ «4 ጊጋ ስጠኝ» ሳይሆን «ዲዲአር3ኤል፣ ሶዲም፣ 4 ጊጋ፣ 1600» ይበል። ባለሱቁ ዕቃውን ሲያቀርብም መለያውን ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያይ፤ ያልገጠመ ፊደል ካለ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ። ራም ሳይገዙ መመለስ ኪሳራ አይደለም፣ የማይሆን ራም ገዝቶ መመለስ ነው ኪሳራው።

መምህራንና ተማሪዎች ይህን ወረቀት በየክፍላችሁ ሞክሩት። የጎደለው ነገር ካገኛችሁ ጻፉልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።